መንገደኛ ለሚያየው አገር ያለበት ዕዳ

የሰው ልጅ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴ ትርፍ ፍለጋ፣ ተማሪ ትምህርት ፍለጋ፣ ባለጉዳይ ፍርድ ፍለጋ፣ ተሳላሚ በረከት ፍለጋ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የሚሄዱበት ነገር የታወቀ ስለ ሆነ «ለምን መጣህ?» ብሎ የሚከራከራቸው የለም፤ ጉዳያቸውን ፈጽመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በዘመናችን ግን ሌላ ዓይነት መንገደኛ በዝቶአል፤ ይኸውም አገር ለማየት ብቻ ብሎ የሚሄደው ነው። ይህ ሰው የሚሸጠው ወይም የሚገዛው፣ የሚከሰውም ሆነ የሚሟገተው የለውም፤ አይቶ፣ ተደስቶ፣ ሥዕል አንሥቶ ይመለሳል። ቢጠይቁትም «እኔ ማንንም አልጎዳሁም፤ ከማንም አልወሰድሁም፤ አየሁ እንጂ» ብሎ ይመልሳል።

የምንመረምረው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ መልስ ላይ ነው። ማየት በእውነት ምንም አለመውሰድ ነውን? አገርን አይቶ የሚያልፍ ሰው ላየው አገርና በዚያ አገር ለሚኖረው ሰው ዕዳ አለበትን ወይስ የለበትም? ካለበትስ በምን ይከፈላል? ነገሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ጠለቅ ብሎ ላስተዋለው ሰው የራስንና የባልንጀራን ድርሻ ለይቶ ከማወቅ የሚቈጠር ነው። ቃላችን ባዶ ንግግር ሆኖ እንዳይቀር ግን አንድ የታወቀ አገር ምሳሌ አድርገን እንመርምረው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን የበጌምድርና የጎጃም ሰው ጣናን ከጥንት ጀምሮ ባሕር ሲለው ኖሮአል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ለዚህ ምስክር ነው። ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋማ አገር ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማያልፍ ውሃ ነው። በደቡብ ባሕር ዳርና ዘጌ፣ በሰሜን ጎርጎራ፣ በምሥራቅ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይዋሰኑታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ ጉማራን ከተሻገረ በኋላ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ከወረታ ይደርሳል። ከዚያም አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይገነጠላል፤ ሁለተኛው ርብን ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎብኚው ብዙው ወረታን የሚያውቃት ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ልቡ ከጎንደር ግንብና ከጣና ደሴቶች ላይ ስለ ሆነ በመካከል ያለውን ሜዳ እንደ መንገድ እንጂ እንደ አገር አይቈጥረውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዕዳ ከዚህ ይጀምራል። ማየት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የዓይን ማየት፣ ሁለተኛው የልብ ማየት ነው። ዓይን ያየውን ልብ ካልመረመረው፣ ያ ሰው አገሩን አላየም፤ አለፈበት እንጂ። ፎገራን በዓይን ብቻ ያየ ሰው «ለጥ ያለ ሜዳ ነው» ብሎ ይሄዳል። በልቡ የሚመረምር ግን «ይህ ሜዳ ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ርብና ጉማራ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ በክረምት ከደጋው እርሻ ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ወርደው ሜዳው ላይ ያነጥፉታል። ስለዚህ የፎገራ ጥቁር አፈር ትናንት የደጋው ገበሬ ማሳ የነበረ ነው፤ የታችኛው ጥጋብ ከላይኛው ኪሳራ የተገኘ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ውሃው መጠኑን ሲያልፍ ደግሞ ያው አፈር አምጪ ወንዝ ቤትና ከብት ይወስዳል። ይህን ያወቀ መንገደኛ በሜዳው ማማር ብቻ አይደሰትም፤ ያማረው ነገር በስንት ሰው ድካምና ጉዳት እንደ ተገኘ ያስባል።

ወደ ጥልቁ የወረደ እንደ ሆነም ነገሩ ከዚህ ይልቅ ይደንቃል። የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ዛሬ የዓባይ ሸለቆ በሚታይበት አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጨው ባሕር ተኝቶበት ነበር፤ በገደሉ ውስጥ በሚታየው የኖራ ድንጋይ መካከል የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈላ ቅላጭ ድንጋይ ፈስሶ ደጋውን ሠራው። ከጣና በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው በጭልጋ አገር ደግሞ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው የጥንት ዝሆኖች ቅሪተ አካል ተገኝቶአል፤ ከእነርሱም ጋር በአፍንጫው ላይ ጥንድ ቀንድ የነበረው፣ ዘሩ ዛሬ ፈጽሞ የጠፋ ታላቅ እንስሳ አጥንት አለ። የዚህ ነገር ዜና በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ሊቃውንት ተሰማ። ጣና ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ውሃ አልነበረም፤ ከወለሉ የተቈፈረው ጭቃ እንደሚመሰክረው ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ኋላም እንደገና ሞላ። ባሕር የነበረው ተራራ፣ ሐይቅ የነበረውም ደረቅ ምድር ሲሆን ያየ ሰው፣ «ይህ ሐይቅ ከዘላለም ነበረ፤ ለዘላለምም ይኖራል» ብሎ ተዘልሎ ሊቀመጥ አይገባውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ይኸውም ከአገሩ ስለሚወሰደው ነው። በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ዳርቻ አለ፤ ገደሉ በጥንት ፍጥረት ቅሪተ አካል የተሞላ ስለ ሆነ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል። በዚያ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዲቱ፣ በላይም ሪጂስ፣ ሜሪ አኒንግ የምትባል የድኻ አናጢ ልጅ በ1799 ተወለደች። ከገደል የወደቀውን ድንጋይ ለቅማ ለአየር ለውጥ ለሚመጡት ባለጠጎች እየሸጠች ትኖር ነበር። ገና ልጅ ሳለች ከወንድምዋ ጋር ዓሣ የሚመስል ታላቅ የባሕር እንስሳ አጥንት አገኘች፤ በ1823ም አንገቱ እጅግ የረዘመ የሌላ ፍጥረት ሙሉ አጥንት አወጣች። ሊቃውንቱ አጥንቱን ገዝተው መጽሐፍ ጻፉበት፤ የብዙዎቹ ጽሑፍ ግን ያገኘችውን ሴት ስም አልጠራም። ሴት በመሆንዋም ከማኅበራቸው አባልነት ሳትገባ በ1847 ሞተች።

በዚያ ዳርቻ ዛሬ ጎብኚ ከገደሉ ወድቆ ያገኘውን ትንሽ ድንጋይ አንሥቶ እንዲሄድ በብዙው ስፍራ ይፈቀድለታል። ምክንያቱም የባሕሩ ማዕበል ገደሉን ዘወትር ይበላዋል፤ ያልተነሣውን ውሃው ፈጭቶ ያጠፋዋል። በእኛ አገር ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ላገኘው ነገር ጥበቃ እያደረገ ወዲያው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ለትምህርት የጠቀመችው አጥንቶችዋ ከነተገኙበት ስፍራ ተመዝግበው በመጠበቃቸው ነው፤ አላፊ አግዳሚው አንድ አንድ አንሥቶ ቢሄድ ኖሮ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ምስክር ፍርስራሽ ብቻ ሆና በቀረች ነበር። ታዲያ ሁለቱ ሥርዓቶች የሚጣሉ መስለው ቢታዩም ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት «ይህ መውሰድ ነገሩን ያድነዋል ወይስ ያጠፋዋል?» የሚለውን ነው።

ይኸው ሚዛን ከድንጋይ ይልቅ ለከበረውም ነገር ይሠራል። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ጎንደር ገብቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። በዚህ ምክንያት አውሮፓ ያጣውን መጽሐፍ አገኘ፤ ኢትዮጵያም መጽሐፉን አላጣችም፤ ቅጂ ወሰደ እንጂ ምንጩን አላደረቀምና። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመቅደላ አምባ በወደቀ ጊዜ ግን የእንግሊዝ ወታደሮች የወሰዱት ብራናና ታቦት በስፍራው ባዶ መደርደሪያና ባዶ መንበር ትቶ ሄዶአል። ከእነዚህ መካከል በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዴት አድርጎ እንደ ተቀበለው የሚያስታውስ ሰው፣ የባዶ መንበር ሐዘን ምን ያህል እንደ ነበረ ይረዳል። ሁለቱም ከአንድ አገር ወጥተዋል፤ ነገር ግን አንዱ ሳይጎድል የተካፈሉት፣ ሁለተኛው እየጎደለ የተነጠቁት ነው።

በኦሪት ሕግ ስለ አላፊ መንገደኛ የተሠራ አንድ መልካም ሥርዓት አለ። ወደ ባልንጀራው የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ ከፍሬው እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ በዕቃው ይዞ እንዳይወጣ ግን ተከልክሎአል። የጥያቄያችን ግማሽ መልስ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። መጥገብ የመንገደኛ ድርሻ ነው፤ ዕቃ መሙላት ግን የባለቤቱን ድርሻ መውሰድ ነው። በዓይንም እንዲሁ ነው። የፎገራን ንጋት፣ የጉናን ግርማ፣ የደንገል ታንኳውን በጸጥታ መንሳፈፍ አይቶ መጥገብ ማንንም አይጎዳም። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበትን ገበሬ በችግሩ ላይ ሳለ፣ ሳያስፈቅዱትና ስሙን ሳይጠይቁት ሥዕሉን አንሥቶ ለማያውቃቸው ሰዎች ማሳየት ግን ዕቃ መሙላት ነው፤ ሰውየው በዚያ ቀን የቀረችውን አንዲት ነገር፣ ክብሩን፣ ወስደንበታልና።

ግማሹ መልስ ይህ ከሆነ ሌላው ግማሽ እጅግ ይከብዳል። መንገደኛ ምንም ሳይወስድ እንኳ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ «ይህ ያማረ ነገር እንዳይለወጥ!» ይላል። በፎገራ በጣናው ዳር ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጋማ ስፍራዎች አሉ። በአውሮፓ ብርድ ሲጸና ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ክረምታቸውን ሊያሳልፉ በብዛት ይወርዱባቸዋል። ቀድሞ ይህ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት፣ ውሃው ሲሸሽም ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን የሩዝ እርሻ ገባ፤ ለሌላው እህል ጠላት የነበረው ውሃ ለሩዝ ወዳጅ ሆነ። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያና መነገጃ፣ የሩዝ ምርምር ማዕከልም መቀመጫ ናት። ከዚህም የተነሣ የግጦሹ ስፍራ ጠበበ፤ ረግረጉም ከዳር ከዳር እየተጠነፈፈ ወደ እርሻ ተለወጠ።

ለማየት የመጣው ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል፤ «ወፎቹ ወዴት ይሂዱ?» ይላል። ገበሬውም «ልጆቼስ ምን ይብሉ?» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ክርክር ለማን እንፈርዳለን? የከተማው ሰው ፈጥኖ ለውበት ሊፈርድ ይወዳል፤ ነገር ግን በሌላው እንጀራ የተገዛ ውበት ውበት አይደለም። ሁለት ቀን ለሚያየው ሰው ደስታ ሲባል ዓመቱን ሁሉ የሚኖርበትን ሰው ተራብ ማለት፣ ምንም ዕቃ ሳይሞሉ የወይኑን ቦታ በሙሉ መውሰድ ነው። ስለዚህ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደ ተባለ፣ ስለ አገሩ መጀመሪያ መናገር የሚገባው የአገሩ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ረግረጉ ለወፍ ብቻ የተሠራ አይደለም። ጎርፉን ይይዛል፤ ጭቃው በአንድ ጊዜ ከሐይቁ እንዳይገባ ያጣራል፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የሚበቅልበት ነው፤ ደንገሉ ሲያልቅ የወይጦዎች የአባቶቻቸው ጥበብም አብሮ ያልቃል። በጣና ብቻ የሚገኙ ባርበስ የሚባሉ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ርብንና ጉማራን ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። በወንዞቹ አፍ መረብ ዘርግቶ በመራቢያቸው ጊዜ የሚያጠምዳቸው ሰው የዛሬን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ይበላል። እንግዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ ገና ያልተወለደ፣ ጠበቃም የሌለው ሦስተኛ ባለ መብት አለ፤ እርሱም የዚያው የገበሬው የልጅ ልጅ ነው። መንገደኛው ስለ ራሱ ደስታ ቢናገር አይሰማም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ቢናገር ግን ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር የሚበቃው ሸክሙን አብሮ የተሸከመ ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ አንድ ያየነው ምስክር አለ። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ ታየ፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻም ተንሰራፍቶ የዓሣ አጥማጁን መንገድና የከብቱን ግጦሽ ዘጋ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር ሰዎች እየመጡ ከአገሬው ገበሬ ጋር እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። አረሙ በዚያ ዘመቻ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ስለ ጣና ለመናገር አንደበት አገኙ። አንድ ቀን ከባለቤቱ ጎን ቆሞ የደከመ እንግዳ፣ መቶ ጊዜ አይቶ ከተደነቀው ይልቅ ለአገሩ ይቀርባል።

ምናልባት «ለመኝታዬና ለምግቤ ገንዘቤን ከፍያለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ላሳደረው ባለ ሆቴል ነው፤ የታየው ሜዳ ግን የገበሬው ነው፤ ላንዱ መክፈል ከሌላው ዕዳ ነጻ አያወጣም። ደግሞም አገር ለመታየት ተብሎ የቆመ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎብኚው እግር ተመናመነ፤ የፎገራ ገበሬ ግን ክረምት ሲገባ ማረሱን፣ ወንዞቹም መሙላታቸውን አልተዉም። ማንም ሳያየው የሚኖር አገር መሆኑን ማወቅ ለጎብኚው ታላቅ ትምህርት ነው፤ አገሩ ያለ እርሱ ይኖራልና በትሕትና ሊገባበት ይገባዋል።

እንግዲህ የመረመርነውን ነገር አሳጥረን እንሰብስበው። መንገደኛ ለሚያየው አገር አራት ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው በልቡ እንዲያይ፣ ያየውንም እንዲጠይቅ ነው። ሁለተኛው ሲወስድ የማይጎድለውን ብቻ እንዲወስድ ነው። ሦስተኛው እንዲጠበቅ በሚፈልገው ነገር ላይ ሸክሙን እንዲካፈል ነው። አራተኛው እውነቱን እንዲመሰክር፣ ያሳየውንም ሰው እንዲያስታውስ ነው፤ በላይም ሪጂስ ሊቃውንቱ አጥንቱን ወስደው የለቃሚዋን ስም እንደ ተዉት፣ እኛም የጣናን ውበት ስናወራ በታንኳ የወሰደንን፣ መንገድ የመራንን፣ ውሃ ያጠጣንን ሰው እንዳልነበረ አድርገን ብናልፍ ያው በደል በእኛም ይቈጠራል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዕዳ ከሩቅ አገር ለሚመጣው ነጭ ብቻ የተነገረ አታድርገው። በጥምቀት ወደ ጎንደር የሚወጣው፣ በዕረፍቱ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው የከተማ ሰው ከዘመዱ አገርም እንግዳ ሆኖ ነው የሚያልፈው፤ «የራሴ አገር ነው» በማለቱም ጥንቃቄውን ይቀንሳል። ነገር ግን የራስ ወገን ዕዳ ከባዕድ ዕዳ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ባዕድ ባያውቅ ይቅር ይባላል፤ ወገን ግን ባለማወቁ ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ወረታ ላይ መኪናው በቆመ ጊዜ ወደ ሜዳው ዞር ብለህ ተመልከት፤ ከሻዩ አጠገብ የተቀመጠውንም ሰው ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቀው። ዕዳው በዚህ ተከፍሎ አያልቅም፤ መክፈል ግን ከዚህ ይጀመራል።